ከባቄላ ሥር እስከ ቀይ ባሕር

በጅዳ በኖርኩባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ ከሁሉ የምወደው ሰዓት የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ በባሕሩ ዳር የምራመድበት ሰዓት ነበር። ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ብርድና ጉም ከማይለየው አገር ለመጣ ሰው ባሕር ቶሎ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ስለዚህም በየማለዳው እንደ አዲስ ቆሜ አየው ነበር። ነፋስ ጸጥ ባለበት በአንድ ዕለት ውኃው ላይ ረጃጅም ቡናማ መስመሮች ተዘርግተው አየሁ። ጣውላ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰጋቱራ ነው ብሎ ሊምልበት ይችል ነበር፤ መልኩም፣ መበታተኑም፣ ከማዕበሉ ጋር ከፍና ዝቅ ማለቱም የሰጋቱራ ነው። አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ «የመርከብ ጥራጊ ነው፣ አትንካው» አለኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የያዝኩትን ባዶ የውኃ ጠርሙስ ከመስመሩ መካከል ሞላሁና ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ጠርሙሱን በመስኮት ብርሃን አንጻር ከፍ አድርጌ ስመለከተው እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው ይታይ ነበር። ርዝመታቸው ቢበዛ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አንዳንዶቹ እንደ ተጎነጎነ ክር በአንድ አቅጣጫ የታሰሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ተነደፈ ጥጥ ከመካከል ወደ ውጭ የተበተኑ ትንንሽ ኳሶች ናቸው። ጠርሙሱን ገልብጬ ባቆመውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ቀስ እያሉ ወደ ላይኛው ጫፍ ይወጡ ነበር። ሰጋቱራ ውኃ ሲጠግብ ይሰጥማል፤ እነዚህ ግን የራሳቸው መንሳፈፊያ ያላቸው ይመስሉ ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ክሮቹ ተፈራርሰዋል፤ ውኃውም እንደ ቀጠነ የእንጆሪ ጭማቂ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ይዞ ሽታው ተለውጧል። ደፋሁት። ምን እንደ ደፋሁ ያወቅሁት አገሬ ገብቼ፣ የሥነ ሕይወት ትምህርት ማስተማር ጀምሬ፣ ለክፍል ዝግጅት ስለ ናይትሮጅን ዑደት ሳነብ ነው።

ትሪኮደስሚየም ይባላል፤ በክር መልክ ተያይዞ የሚኖር ደቂቅ የባሕር ባክቴሪያ ነው። ስሙ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን የጸጉር እሽግ እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣለት ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። በ1823 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሲና ልሳነ ምድር ቶር በምትባል የቀይ ባሕር ወደብ ሳለ የባሕር ሰርጡ ውኃ እንደ ደም ቀልቶ አየ፤ ውኃውን ቀድቶ በማጉሊያ መነጽር መረመረው፤ በ1830ም ስለዚህ ፍጡር ጽፎ አሳተመ። ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከዚህ ፍጡር ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የጠርሙሴ ውኃ ሮዝ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክሮቹ ሲሞቱ በውስጣቸው ያለው ቀይ ቀለም ወደ ውኃው ይፈስሳል። የኤረንበርግ የጉዞ ጓደኛ ዊልሄልም ሄምፕሪክ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1825 በምጽዋ በንዳድ ሞተ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ከኤረንበርግ ስም በፊት የሄምፕሪክን ስም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፤ ለምን እንደሆነ በደንብ ባልገልጸውም፣ ለእኛ ቅርብ በሆነ የባሕር ጠረፍ የወደቀ ሰው ስሙ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

መርከበኞች ከእነርሱ በፊትም ያውቁት ነበር። በ1770 የካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከብ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ስትጓዝ በዚሁ ቡናማ ነገር መካከል አልፋለች፤ መርከበኞቹም የባሕር ሰጋቱራ ይሉት ነበር። በእኔ አፍ የመጣው ቃል ከእነርሱ ቃል ጋር አንድ መሆኑ ዛሬም ያስደስተኛል።

ይሁንና ከስሙ ይልቅ የሚገርመው ሥራው ነው፤ ሥራውን ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ባሕሩ ምን እንደሚርበው ማወቅ ያስፈልጋል። ከዳር ርቆ ያለው የሞቃት አካባቢ ውቅያኖስ ውኃ ጥልቅ ሰማያዊና ጥርት ያለ ነው። ዓይን በዚህ ጥራት ይማረካል፤ ጥራቱ ግን የችጋር ምልክት ነው። ውኃው የጠራው በውስጡ የሚበቅል ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው። ፀሐይ አለ፣ ውኃ አለ፣ ካርቦን አለ፤ የጎደለው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ በባሕሩ ውኃ ውስጥም ከአየር የገባ ናይትሮጅን በብዛት ሟምቶ ይገኛል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረታችንን ለዚህ ነገር የተነገረ ያህል ነው የምሰማው። የአየር ናይትሮጅን ሁለት አቶሞች በሦስት ማሰሪያ ተጠፍረው የተያዙበት ስለሆነ ለአብዛኛው ፍጡር እንደሌለ ይቆጠራል፤ እኛም በየትንፋሳችን ወደ ውስጥ ስበነው እንዳለ እንመልሰዋለን። ፕሮቲንም ሆነ የዘር መልእክት ያለ ናይትሮጅን አይሠራም፤ ስለዚህ ያን ማሰሪያ በጥሶ ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ የሚለውጥ አንድ ሰው፣ ይቅርታ፣ አንድ ፍጡር የግድ ያስፈልጋል። እኔ ለተማሪዎቼ ይህን ሥራ «መግራት» እለዋለሁ። ወይፈን እስኪገራ ድረስ በበረት ቢኖርም አያርስም፤ ናይትሮጅንም እንደዚያው ነው።

መግራቱን በመጀመሪያ ያየሁት በአባቴ ማሳ ላይ ነው፤ ሆኖም ያን ጊዜ ምን እንዳየሁ አላውቅም ነበር። አባቴ ገብስ በዘሩበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ይዘራሉ፤ ከባቄላው ቀጥሎ ያለው ዓመት ደግሞ የስንዴ ወይም የገብስ ተራ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ገብስ መሬት ያደክማል፣ ባቄላ ያሳርፋል» ይሉኝ ነበር። ማዳበሪያ በዱቤ በሚወሰድበትና ዕዳው ከእህሉ ቀድሞ በሚደርስበት ዘመን ይህ ዕውቀት ቀላል ሀብት አልነበረም። ባቄላ በእሸትነቱ ስንነቅል ሥሩ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ተለጥፈው እናገኝ ነበር። በጥፍር ሲከፈቱ ውስጣቸው ቀይ ነው፤ እኛ ልጆቹ የባቄላ ደም እያልን በጣታችን እንቀባባው ነበር።

ያ ቀይ ነገር በእርግጥም የደም ዘመድ ነው። በእብጠቶቹ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ናይትሮጅኑን የሚገሩት እነርሱ ናቸው። ቀዩ ነገር ደግሞ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ሲሆን ሥራው ኦክስጅንን እየለቀመ ይዞ ለባክቴሪያዎቹ በልክ በልኩ ማደል ነው። ይህ ልክ ከሌለ ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ናይትሮጅንን የሚገራው ኢንዛይም፣ ናይትሮጅኔዝ የሚባለው፣ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ይህ ኢንዛይም የተፈጠረው ኦክስጅን በምድር አየር ውስጥ ከመብዛቱ በፊት ነው፤ ዓለም ስትለወጥ እርሱ አልተለወጠም። የሰው ልጅ ይኸንኑ ሥራ በፋብሪካ መሥራት የቻለው በ1913 በጀርመን ኦፓው በተባለ ቦታ ነው፤ ያውም ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥ ሙቀትና ከምንኖርበት የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት። አባቴ በዱቤ የሚወስዱት ዩሪያ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ባክቴሪያው ግን ያለ እሳትና ያለ ግፊት፣ በአፈር ቅዝቃዜ ውስጥ ይሠራዋል። ዋጋ አይከፍልም ማለት ግን አይደለም፤ አንዲቷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመግራት ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ ስንቅ ቢያንስ 16 ያወጣል፤ ኢንዛይሙን ለመሥራትም ብዙ ብረት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ወደ ባሕር እንውሰደው። የባሕር ፍጡር ብርሃን ባለበት ላይኛው ውኃ መኖር አለበት፤ ላይኛው ውኃ ደግሞ በኦክስጅን የተሞላ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ በባሕር ናይትሮጅን ከሚገሩት ዋና ዋናዎቹ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት ናቸው፤ እነርሱም እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሲሠሩ ኦክስጅን በራሳቸው ሕዋስ ውስጥ ያመነጫሉ። አንድ ሰው ባሩድ በሚያከማችበት ጎጆ ውስጥ ምድጃ እንደ ማንደድ ነው። የእነዚህን ፍጥረታት አኗኗር ባነበብኩ ቁጥር የማየው አንድ ነገር ነው፤ አካላቸው፣ ጊዜያቸው፣ ጉርብትናቸው ሁሉ ይህን ባሩድ ከእሳቱ ለመለየት የተሰናዳ ነው።

ክሮኮስፌራ የሚባለው ሥራውን በሰዓት ከፍሎታል። ቀን ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል፤ ሌሊት፣ ኦክስጅን ማመንጨቱ ሲቆም፣ ናይትሮጅን ይገራል። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ ፍጡር በየማለዳው የናይትሮጅን ኢንዛይሙን አፍርሶ ብረቱን ለቀኑ ሥራ ያውለዋል፤ ማታ ደግሞ የቀኑን አፍርሶ የሌሊቱን ይሠራል። ብረት ብርቅ በሆነበት ውኃ ውስጥ አንዱን ማረሻ ለሁለት ጥማድ እንደ ማፈራረቅ ነው። ሪኬሊያ የሚባለው ደግሞ በቦታ ከፍሎታል፤ በክሩ ጫፍ ላይ ያለችው ሕዋስ ወፍራም ግድግዳ አጥራ፣ ኦክስጅን ማመንጨት ትታ፣ ናይትሮጅን ብቻ ስትገራ ሌሎቹ ይቀልቧታል። ሪኬሊያ ከዚህም አልፎ ዳያተም በሚባሉ ባለ መስተዋት ቅርፊት አልጌዎች (በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ተክል መሰል ደቂቅ ፍጥረታት) ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል፤ ከሚገራው ናይትሮጅንም ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነውን ለባለቤቱ አሳልፎ ይሰጣል።

የእኔ ሰጋቱራ፣ ትሪኮደስሚየም፣ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው ሕዋስ የለውም፤ ሌሊትንም አይጠብቅም፤ በቀትር ብርሃን ሁለቱንም ሥራ ጎን ለጎን ይሠራል። በተለያዩ ሕዋሳቱና በተለያዩ የቀኑ ክፍሎች መካከል ሥራውን እያቀያየረ እንደሚያካሂድ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ናይትሮጅን መግራቱ በባሕር ላይ በልኬት የታየው በ1961 ነው፤ ሦስት ተመራማሪዎች በሳርጋሶ ባሕር ውኃ ውስጥ ክብደቱ ከተራው ናይትሮጅን የሚለይ ናይትሮጅን ጨምረው ፍጡሩ ሰውነት ውስጥ መግባቱን መዘኑ። መንሳፈፊያም በእርግጥ አለው፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ በጠርሙሴ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጡ ያየሁት በእነርሱ ነው። ብረቱን የሚያገኝበት መንገድ ግን ከሁሉ ያስገረመኝ ነው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ ተመራማሪዎች ከባሕሩ የለቀሟቸውን ትንንሽ ኳሶች በማጉሊያ ሥር አስቀምጠው የበረሃ አቧራ ረጩባቸው። ኳሶቹ አቧራውን በጸጉራቸው ያዙ፤ ከያዙ በኋላም ቅንጣቱን ከክር ወደ ክር እያሻገሩ ወደ መካከላቸው አስገቡት፤ በዚያም ብረቱ በተሻለ ፍጥነት ይሟሟል። ውጤቱ በ2011 ታተመ። በጅዳ አቧራ የተሸከመ ነፋስ ሲነሣ መስኮት እየዘጋን እንማረር ነበር፤ ያ አቧራ ከመንገዱ ማዶ ላለው ባሕር ስንቅ እንደሆነ ብናውቅ ኖሮ ሌላ ነገር እናስብ ነበር። ከሰሐራ የሚነሣው አቧራም እንዲሁ አትላንቲክን ይመግባል፤ በሰሜን አትላንቲክ ናይትሮጅን መግራቱ ከሚበረታባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የተገራው ናይትሮጅን በሠሪው ዘንድ ተቆልፎ አይቀርም። ትሪኮደስሚየም ከገራው ጥቂት የማይባለውን በሕይወት ሳለ ወደ ውኃው ይለቀዋል፤ ሲሞትም ቀሪው ይፈስሳል። ያን ጊዜ ተራ አልጌዎች ያገኙታል፤ አልጌዎቹን ጥቃቅን ቀዛፊ እንስሳት ይበሏቸዋል፤ እነዚያን ዓሣ ይበላቸዋል። ማክሮሴተላ የምትባል ደቂቅ የባሕር እንስሳ ደግሞ ክሮቹን እንደ ታንኳ ተቀምጣባቸው እየበላቻቸው ትጓዛለች። በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ በዓመት የሚገራው ናይትሮጅን ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ይህም የዓለም ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሁሉ ተደምረው ከሚያመርቱት ጋር የሚቀራረብ ነው። በሌላ በኩል ባሕሩ የተገራውን ናይትሮጅን መልሶ ያጣል። ኦክስጅን በጠፋበት ጥልቀት የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች የተገራውን ፈትተው ወደ ጋዝነት ይመልሱታል፤ ይህ ከሚብስባቸው ሦስት ታላላቅ ሥፍራዎች አንዱ ለእኛ ቅርብ የሆነው የዓረብ ባሕር ነው። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1934 እንዳስተዋለው የባሕር ደቂቃን ሰውነትና ጥልቁ ውኃ ናይትሮጅንንና ፎስፎረስን በተቀራራቢ ምጣኔ፣ 16 ለ1 አካባቢ፣ ይይዛሉ። ይህ ምጣኔ በዘመናት መካከል ተጠብቆ የቆየው አንዱ ወገን የሚፈታውን ሌላው ወገን እየገራ ስለሚተካ ነው።

ካርቦንም አብሮ ይጓዛል። ከሐዋይ ደሴቶች በስተሰሜን አሎሃ የሚባል የጥናት ጣቢያ አለ፤ ከ1988 ጀምሮ በየጊዜው መርከብ እየሄደ ይለካዋል። በ4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ከላይ የሚወርደውን ብናኝ የሚቀበሉ ወጥመዶች ተሰቅለዋል። በወጥመዶቹ ውስጥ በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ ማለትም በእኛ ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ፣ የሚወርደው ካርቦን በድንገት ይጨምራል። ሲመረመር ሪኬሊያን በውስጣቸው የያዙት ዳያተሞች ናቸው። በላይኛው ውኃ ላይ ናይትሮጅን አግኝተው በዝተው፣ ካርቦን ሰብስበው፣ ከዚያ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። በእኛ ደጋ ክረምቱ በከበደበት፣ ባቄላው ሥር በሚሰድበት በዚያው ወር መሆኑን ሳስብ ሁለቱን ለያይቼ ማየት ይከብደኛል።

ወደ ታሪኩ ዋና ልብ የምመጣው አሁን ነው። ለብዙ ዘመን የባሕሩ ናይትሮጅን ገሪ ትሪኮደስሚየምና ጥቂት ዘመዶቹ ብቻ ናቸው ይባል ነበር፤ ምክንያቱም በዓይን የሚታዩት እነርሱ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ጆናታን ዜር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፍጡሩን መፈለጉን ትተው የኢንዛይሙን መመሪያ፣ ማለትም ዘረመሉን፣ በፓስፊክ ውኃ ውስጥ ፈለጉ። ማንም አይቶት የማያውቅ ፍጡር ዘረመል አገኙ። ባለቤቱን ማንም አያውቀውም፤ በጠርሙስም ሊያሳድጉት አልቻሉም። ስም ስለሌለው ዩሲን-ኤ የሚል ምሕጻር ተሰጠው። በ2008 ከፊል መመሪያው ሲነበብ ጉዱ ተገለጠ፤ የሳያኖባክቴሪያ ወገን ሆኖ ሳለ ኦክስጅን የሚያመነጭበት ክፍል የለውም። በ2010 ሙሉ መመሪያው ሲነበብ ደግሞ ካርቦን ወደ ምግብ የሚለውጥበትም መንገድ እንደሌለው ታወቀ። ባሩዱን ከእሳቱ ለመለየት ሌሎቹ ሰዓት ሲያፈራርቁና ግድግዳ ሲያጥሩ ይህ ምድጃውን ከነጉልቻው ነቅሎ ጥሏል። እንግዲያው ማን ይመግበዋል?

መልሱ በ2012 መጣ። ዩሲን-ኤ ለብቻው አይኖርም፤ ከአንድ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ጋር ነው የሚኖረው። አልጌው ካርቦን ይሰጠዋል፤ እርሱ ደግሞ ከሚገራው ናይትሮጅን ከመቶ ከ85 እስከ 95 እጁን ለአልጌው ይሰጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ አብረው ያልታዩት ውኃው ሲቀዳና ሲጣራ ሁለቱ ስለሚለያዩ ነበር። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በጅዳ መስኮት ላይ የፈራረሱት ክሮች ትዝ አሉኝ፤ ለማየት የምናደርገው ነገር ራሱ የምናየውን ያፈርሰዋል።

አልጌው ብራሩዶስፌራ ቢጌሎዊ ይባላል። በአንዱ የሕይወት ምዕራፉ 12 ባለ አምስት ማዕዘን የኖራ ሰሌዳዎች ይለብሳል፤ ልክ እንደ ተገጣጠመ ኳስ ነው። በጃፓን ኮቺ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ኪዮኮ ሃጊኖ፣ በሙያዋ የጥንት ሕይወት ቅሪት አጥኚ፣ ይህን አልጌ በሕይወት ለማሳደግ ከአሥር ዓመት በላይ ደክማለች፤ ከ300 ጊዜ በላይ ወደ ባሕር ወጥታ ውኃ ቀድታለች። የሳይንስ ዜና አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን የሆነውን ያወራል። እኔ ግን ሁለት መቶኛውን ጉዞ ነው የማስበው፤ ባልዲው ወጥቶ፣ ውኃው ታይቶ፣ ዳግመኛ ምንም ያልተገኘበትንና እርሷም ለሚቀጥለው ቀን የተዘጋጀችበትን ምሽት። በመጨረሻ አልጌው አደገላት፤ ለዜር ቡድንም ደረሰ።

ያ አልጌ በእጅ ሲገባ ታይለር ኮል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በልዩ የኤክስሬይ ምስል ሕዋሱን ሲከፈል ተመለከቱት። አልጌው ሊከፈል ሲል ዩሲን-ኤ በተራው ይከፈላል፤ እያንዳንዷ ልጅ ሕዋስ አንድ አንድ ትወርሳለች። ከዚህም የሚበልጠው በውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ በራሱ መመሪያ የተሠሩ አለመሆናቸው ነው፤ አልጌው ሠርቶ፣ እንደ አድራሻ የሚያገለግል ቅጥያ ለጥፎ፣ ይልክለታል። እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይባልም፤ የቤቱ አካል ነው። በ2024 በወጡት ጽሑፎች ናይትሮፕላስት የሚል ስም ተሰጠው። በአካላችን ሕዋስ ውስጥ ያለው ማይቶኮንድሪያ እና በቅጠል ውስጥ ያለው አረንጓዴው ክሎሮፕላስት በጥንት ዘመን እንዲሁ ነጻ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ሌላም በአንዲት አሜባ ውስጥ የታወቀ አለ፤ ይህ አራተኛው ነው። አብሮ መኖሩ የጀመረው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። በዚህም የተነሣ ከመማሪያ መጻሕፍት አንድ ዓረፍተ ነገር መታረም አለበት፤ ናይትሮጅን የሚገሩት ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ብቻ ናቸው ብለን ለተማሪ ስናስተምር ኖረናል፤ እኔም አስተምሬአለሁ። አሁን በየዓመቱ ያን መሥመር ስንደርስ እናቆማለን፤ ተማሪዎቼም በእስክርቢቶ ጎኑ ላይ ማረሚያውን ይጽፋሉ።

ይህ ዜና ሲሰማ ነገ ስንዴና ጤፍ የራሳቸውን ናይትሮፕላስት ይዘው ይበቅላሉ የሚል ተስፋ ወዲያው ተነሣ። ተስፋውን አልንቅም፤ በማዳበሪያ ዕዳ ያደገ ሰው ሊንቀው አይችልም። ነገር ግን 100 ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ጋብቻን በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንደግመዋለን ማለት ያስፈራኛል፤ ገበሬውም ያን እስኪያይ ባቄላውን እንዳይተው እፈልጋለሁ።

በዚያው በ2024 የወጣ ሌላ ግኝት አለ፤ ስለ እርሱ ያነበብኩ ዕለት እስኪመሽ መታገሥ አቅቶኝ ለአባቴ ስልክ ደወልኩላቸው። በጀርመን ብሬመን የሚገኙ ተመራማሪዎች ከባርቤዶስ ደሴት አጠገብ ካለው አትላንቲክ በቀዱት ውኃ ውስጥ፣ በዳያተም ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ሌላ ናይትሮጅን ገሪ አገኙ። ሳያኖባክቴሪያ አይደለም። ዘሩ ሲቆጠር የራይዞቢየም ወገን ሆኖ ተገኘ፤ ያ በባቄላ ሥር ውስጥ ያለው፣ በጥፍራችን ከፍተን ስንቀባባው የኖርነው። አንዱ ዘመድ በደጋ አፈር ውስጥ ከባቄላ ጋር፣ ሌላው በሰማያዊው ውኃ ውስጥ ከባለ መስተዋቱ አልጌ ጋር፣ ያንኑ ሥራ ለባለቤታቸው ይሠራሉ።

አባቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ባሕር አይተው አያውቁም። የባቄላው ሥር ላይ ያለው ነገር ዘመዱ ባሕር ውስጥ ተገኘ ስላቸው አልተደነቁም፤ የጠየቁኝ የገበሬ ጥያቄ ነበር።

«ታዲያ እዚያ ከባቄላው ቀጥሎ ምን ይዘራል?»

«እዚያ የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቁም፣ አባባ» አልኳቸው። «ጠዋት የተገራውን ጎረቤቱ ሳይመሽ ይወስደዋል። ሁሉም በአንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ቀን ነው የሚበቅለው።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከበስተጀርባቸው የበሬ ቃጭል ይሰማ ነበር።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉኝ፤ «ያ መሬት ዕረፍት የለውም ማለት ነው፣ ልጄ።»